ሌሊት ሙቀትን በሚያሳይ መነጽር ስለ ማየትና ስለ ማደን

ገበሬ ቀን ደክሞ ያበቀለውን ሌሊት አውሬ ከበላበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የዱር አሳማና ጃርት ጨለማን ተገን አድርገው በበቈሎውና በድንቹ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ባለ እርሻው በማማ ላይ እንቅልፉን አጥቶ ያድራል። ዛሬ የእንስሳን ሙቀት በጨለማ ለዓይን የሚያሳይ መነጽር ተገኝቶ በብዙ አገር አዳኞች ይገለገሉበታል። ሹማምንትም ይህን መነጽር በሚገባ ሊፈቅዱት ወይም ሊከለክሉት የሚችሉት ጠባዩን ያወቁ እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህ የሚያሳየውንና የማያሳየውን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

1ኛ፤ ስለ አሠራሩ

ሙቀት ያለው አካል ሁሉ ዓይን የማያየውን ጨረር ይሰጣል፤ ይህም ታሕተ ቀይ ይባላል። መኖሩን የገለጠው ዊልያም ሄርሼል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነው። እርሱም በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፋፍሎ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ቴርሞሜትር ቢያኖር ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው። መነጽሩም ይህንኑ ጨረር ተቀብሎ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ስለዚህ የጨረቃም የፋኖስም ብርሃን አያሻውም። ተራ መስተዋት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ የፊቱ ሌንስ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጀርማኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። በዚሁ ምክንያት የመኪናውን መስኮት ዘግቶ የሚመለከት ሰው በውጭ ያለውን አውሬ አያይም።

2ኛ፤ ማየት ሌላ፣ መለየት ሌላ ስለ መሆኑ

የመነጽሩ ሥዕል ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ጆን ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ዛሬ በነጥብ ሲሰላ፣ አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ በጠባቡ ጐኑ 2 ነጥብ ያህል ያስፈልጋል። ሰው ወይም እንስሳ መሆኑን ለማወቅ 8፣ የትኛው እንስሳ እንደ ሆነ ለመለየት ደግሞ 13 ያህል ያሻል። ይህም ቢሆን ከሁለት ሙከራ አንዱ ብቻ የሚሳካበት መጠን ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። የአንዱ ነጥብ ስፋት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ 12ቱን እጅ የሚያህል፣ ሌንሱም 35 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ቢኖር፣ በ100 ሜትር ርቀት አንዱ ነጥብ 3.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እንግዲህ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሳማ መኖሩ እስከ 875 ሜትር ገደማ ይታያል፤ እንስሳ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከ218 ሜትር ወዲህ፣ አሳማነቱም የሚለየው ከ135 ሜትር ወዲህ ነው። ሻጭ ስለ መነጽሩ የሩቁን ቍጥር ቢናገር ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የተናገረው ስለ ማየት እንጂ ስለ መለየት አይደለም።

በሁለቱ ርቀቶች መካከል ያለው ሥፍራ ሁሉ የአደጋ ሥፍራ ነው። በዚያ የሚታየው ነጭ ቅርጽ አሳማ፣ የጐረቤት ጥጃ ወይም ጐንበስ ያለ የሰብል ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሙቀቱ በልብሱ ስለሚታፈን ፊቱና እጁ ብቻ ጐልተው ይታያሉና፣ ትንሽ እንስሳ ሊመስል እንደሚችል ልብ ይሏል።

3ኛ፤ ስለ ጊዜና ስለ አየር

ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩና ግንዱ ቀን የጠጡትን ሙቀት ገና ስላልጨረሱ ከእንስሳው ጋር ይመሳሰላሉ። ሌሊቱ ሲገፋ መሬቱ ይበርዳል፤ የእንስሳውም ሙቀት ይለያል። በጀርመን አገር ሣር ከመታጨዱ በፊት በሣሩ ውስጥ የተኙትን የሚዳቋ ግልገሎች በሙቀት ካሜራ ፈልገው የሚያድኑ ሰዎች ማለዳን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ጉምና ዝናም የማያውን ርቀት እጅግ ያሳጥራሉ። የበቈሎ ቅጠልና የጎጆ ግድግዳም በስተኋላቸው ያለውን ሁሉ ይሰውራሉ፤ ስለዚህ ከአውሬው ወዲያ ምንም አልታየም ማለት ማንም የለም ማለት አይደለም።

4ኛ፤ በሌላ አገር ስለ ተደረገው

በቤልጂግ አገር በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ በዱር አሳማ ላይ በተገኘ ጊዜ ሹማምንቱ አካባቢውን በአጥር ከለሉ፤ የሞቱትን እየፈለጉ አነሡ፤ የቀሩትንም በወጥመድና በሌሊት መነጽር በታገዘ አደን አጠፉ። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሽታው ከአገሩ ጠፋ። ድሉ ግን የመነጽሩ ብቻ አልነበረም፤ አጥሩና ሬሳ ማንሣቱ ባይኖሩ መነጽሩ ብቻውን ባልበቃ ነበር። ጀርመንም በዚያው ዓመት የጦር መሣሪያ ሕጓን አሻሽላ አዳኞች የሌሊት ማያ መሣሪያ ከጠመንጃቸው ጋር እንዲያገናኙ ስትፈቅድ፣ የየግዛቱ የአደን ሕግ ያልፈቀደውን ግን አልፈቀደችም።

5ኛ፤ ማስገንዘቢያ

በአገራችን አደን በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ይህም በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 ተደንግጓል። መነጽር መያዝ ፈቃድን አይተካም። ስለዚህ፤

ሀ) መነጽሩ አስቀድሞ ለጥበቃ ይዋል። ጠባቂው አውሬውን ከእርሻው ሳይገባ ካየው በወንጭፍ፣ በጅራፍና በጩኸት ሊመልሰው ይችላልና፣ ሰብሉም ይድናል፣ ጥይትም አይተኰስም።

ለ) መነጽርና ጠመንጃ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ፤ አንዱ ይመልከት፣ ሁለተኛውም ያለ እርሱ ቃል አይተኵስ።

ሐ) በዚያች ሌሊት በየማማው የሚያድሩት ሰዎች ስምና ቦታ ቀን ሳለ ይመዝገብ፤ ከብትም በበረት መግባቱ ይረጋገጥ።

መ) ርቀቱ ቀን ሳለ በእርምጃ ተለክቶ ምልክት ይደረግበት፤ በሙቀት ሥዕል ርቀትን መገመት አስቸጋሪ ነውና።

ሠ) ፈቃድ ያለውም አዳኝ ቢሆን፣ ያየውን አውሬ በዓይነቱ ካልለየ፣ ከበስተኋላውም ጥይቱን የሚያስቀር ጉብታ ወይም አፈር መኖሩን ቀን ካላረጋገጠ፣ አይተኵስ።

አንድ አሳማ ያመለጠ እንደ ሆነ የሚጠፋው ጥቂት እሸት ነው፤ በስሕተት የተተኰሰ ጥይት ግን እሸቱን ሊጠብቅ የወጣውን ሰው ሊገድል ይችላል። ሹማምንት ይህን መነጽር ለሚይዝ ሁሉ አስቀድመው ይህን ልዩነት ያስተምሩ።