አዘንኩልህ ወይስ አዘንኩብህ? የተሰማንን በልኩ ለመጻፍ፣ ደረጃ በደረጃ

ዱባይ የምትሠራ አንዲት ሴት አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሟ መልእክት ልትጽፍ ነው እንበል። እናታቸው ታመው፣ ሆስፒታል ተኝተው፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው እሷ የሰማችው፤ ያውም ከጎረቤት። ወንድምየው የደበቃት «በሰው አገር ብቻዋን ከምትጨነቅ» ብሎ ነው። ስልኳን አንስታ መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነው፦ «ጋሼ በጣም ደብሮኛል። በጣም ተናድጃለሁ።»

ውሸት የለበትም። ግን ወንድምየው ሲያነበው ምን ይረዳል? ሊጣላት የፈለገች ሊመስለው ይችላል፤ ወይም ነገ የሚረሳ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። የሆነችውን ግን ከሁለቱ ቃላት አያገኘውም። አማርኛ ለስሜት ያለው ቃል ብዙ ነው፤ በጥድፊያ ጊዜ እጃችን የሚገባው ግን ሦስት አራቱ ብቻ ነው። የሚከተለው አካሄድ ለደብዳቤም፣ ለልብ ወለድም፣ ሽማግሌ ፊት ለሚቀርብ ነገርም ይሠራል። እኛ የዚህችን እህት መልእክት ይዘን እንሂድ።

ደረጃ 1፦ የመጣልዎትን ቃል ይጻፉ፤ ቀጥሎ «ምን ሆኖ?» ብለው ይጠይቁት

ዝናብ ሲያካፋ ይደብራል፣ ስብሰባ ሲረዝም ይደብራል፣ ጓደኛ አገር ለቆ ሲሄድም ይደብራል። እኔ ቃሉን አልጠላውም፤ ለጨዋታ ይመቻል። ሰው ፊት የሚቆም ነገር ስንጽፍ ግን ስልቹነትን፣ ብቸኝነትን፣ ሐዘንንና ቅሬታን አንድ ላይ አጭቆ ስለሚይዝ አንባቢው የትኛውን እንደሚመዝ አያውቅም። ስለዚህ «ምን ሆኖ ደበረኝ?» ብለው መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ደንቡ አንድ ነው፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የስሜት ቃል አይገባም። የሆነው ነገር ብቻ።

የእህትየው መልስ፦ «እናቴ ስትታመም እንደ ልጅ ቆጥረው አልነገሩኝም።» አሁን ነገሩ ፈር ያዘ። አድራጊ አለ፣ ቅርብ ሰው ነው፣ ከእሱ የተጠበቀ ነገር ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ቃል ፍለጋው ይቀልላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ለጥያቄው መልስ ካጡ፣ ምንም ሳይሆን ከ2 ሳምንት በላይ ከደበረዎት፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላዎት ጉዳዩ የቃል ጉዳይ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ድባቴ ወይም ድብርት የሚሉት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ስሜቱ ከማን እንደመጣና ወደ ማን እንደሚሄድ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ንዴት ከነደደ ይወጣል፤ እሳት ነው። ዘመዶቹም የእሳት ናቸው፦ በገነ፣ ጦፈ፣ ቅጥል አለ፣ ደሙ ፈላ። ሰው በማያውቀው ሰው ይናደዳል፤ በዳኛ ውሳኔ፣ በመንገድ ሥራ፣ በራሱም ይናደዳል። ስለዚህ «ተናደድኩ» መቃጠልዎን ይናገራል እንጂ ከሰውየው ጋር ያላችሁን ነገር አይነካም። ብስጭት ከዚህ ያንሳል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ታክሲ ሞልቶ ሲያልፍ፣ ያቀዱት ነገር ሲጓተት የሚመጣ ነው።

ቁጣ ሌላ ነው። ልጅ «እማዬ ተቆጣችኝ» ሲል ስለ እናቱ ስሜት ብቻ አይደለም የሚነግረን፤ ተናገረችኝ ማለቱ ነው። ቁጣ አፍ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አባት ልጁን፣ አለቃ ሠራተኛውን። ታናሽ እህት ለጋሼዋ «ተቆጥቼሃለሁ» ብትል ቦታዋን የሳተች ትመስላለች።

ቅያሜ ግን የቅርብ ሰው ነው። ባዳን ማን ይቀየማል? የምንቀየመው «እሱማ እንዲህ አያደርገኝም» ያልነው ሰው ሲያደርገን ነው። ለዚህ ነው ሰው ግብዣ መቅረቱን ሲያስታውቅ «እንዳትቀየሙኝ» የሚለው፤ እወዳችኋለሁ፣ ፍቅራችሁ ያሳስበኛል ማለት አለበት። ኩርፊያ ደግሞ የቅያሜ ውጫዊ መልኩ ነው፤ ፊት ማዞር፣ ዝም ማለት። አኩራፊ አይናገርም። ስለዚህ «አኩርፌሃለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው በግማሹ ታርቋል፤ የፍቅረኛና የልጅ ቃል ነው። ሐዘን ያለበት ደብዳቤ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

የእህታችን ቃል እንግዲህ ቅያሜ ነው። ንዴትም ይኖርባት ይሆናል፤ ወንድሟ እንዲሰማላት የምትፈልገው ግን ቅያሜዋን ነው።

ደረጃ 3፦ ዕድሜውን ይለኩ፤ ግሡንም በዚያው ልክ ያስሩ

ግልፍ ማለትና ቱግ ማለት የደቂቃ ነው። ቅያሜ ይሰነብታል፣ ሰው ገብቶበት ይቅርታ ሲባል ይወርዳል። ቅሬታ ከቀረ የመጣ ነው፤ ከታረቁ በኋላም ቢሆን ከሥር የተረፈው። ዛሬ ግን የቢሮ ቃል ሆኗል፤ ቅሬታ ሰሚ እስኪኖረው ድረስ። ለወንድም «ቅሬታ አለኝ» ሲባል ማመልከቻ ማመልከቻ የሚሸተው ለዚህ ነው። ቂም ደግሞ ይቋጠራል፣ ይያዛል፣ ቀን ይጠብቃል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለውም ተደብቆ እንደሚቀመጥ፣ ግን እንደማይቀር ስለሚታወቅ ነው። «ቂም ይዤብሃለሁ» ብሎ መጻፍ ከማስፈራራት አይርቅም።

ትክክለኛውን ቃል ካገኙ በኋላም የግሡ ጊዜ ትርጉሙን ይቀይረዋል። «ተቀየምኩህ» ያኔ ስሰማ የሆንኩት ነው። «ተቀይሜሃለሁ» አሁንም አልወረደልኝም፣ መልስህን እጠብቃለሁ ይላል። «ተቀይሜህ ነበር» ደግሞ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ አልፏል፣ ግን እወቀው። ሦስቱን በየተራ ለራስዎ ይበሏቸውና የትኛው እውነት እንደሆነ ያዳምጡ። ያልወረደልዎትን «ነበር» ብለው አይጻፉ፤ በኋላ በሌላ ሰበብ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ከግሡ መጨረሻ ያሉትን «ለ» እና «በ» ይመርምሩ

«አዘንኩልህ» እና «አዘንኩብህ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በስልክ ሲጻፍም ጣት ያዳልጣል። የመጀመሪያው ራርቻለሁ ነው፤ ሁለተኛው ከአንተ ይህን አልጠበቅሁም። አለቀሰለት፣ አለቀሰበት፤ ሳቀለት፣ ሳቀበት፤ ፈራሁህ፣ ፈራሁልህ። «ለ» ከሰውየው ጎን ያቆመናል፣ «በ» ፊት ለፊቱ።

«አዘንኩልህ» ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከንፈር መምጠጥ አለበት፣ ከላይ ሆኖ እንደማየት። የሞተበትን ሰው «አዘንኩልህ» አንለውም፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» እንላለን እንጂ።

የወንድምየው ጉዳይም እዚህ ላይ ይፈታል። የደበቃት እህቱን ፈርቷት አይደለም፤ ፈርቶላት ነው። ይህን እሷ ራሷ አስቀድማ ብትጽፍለት ራሱን ለመከላከል የሚጽፈው ግማሽ ገጽ ይቀርለታል።

ደረጃ 5፦ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ይሁን?

አንድ ወገን ስሜቶች በአማርኛ ወደ ሰው የሚመጡ ናቸው፦ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ቆጨኝ፣ ታከተኝ፣ ደስ አለኝ። ሌላው ወገን እኔ የማደርጋቸው ናቸው፦ ወደድኩ፣ ጠላሁ፣ ቀናሁ፣ ፈራሁ፣ ተቀየምኩ። ናፍቆት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ «እናቴ ናፈቀችኝ» ስንል ባለቤቷ እናት ናት፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ስለዚህ «ናፈቅኩሽ?» ብላ የጠየቀች የምትጠይቀው የራሷን ሳይሆን የሌላዋን ስሜት ነው። ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ይህንን ሲያገላብጡት ደጋግሜ እሰማለሁ፤ በትዕግሥት ማረም ነው።

ለጸሐፊ ጥቅሙ ይህ ነው። «ከፋኝ» ማንንም አይከስም። «ተቀየምኩህ» ሰውየውን ይጠራል። «አስከፋኸኝ» ደግሞ አድራጊ ያደርገዋል። በዚህ ደረጃ ወጣ ወረድ ማለት ይቻላል። የእኔ ምክር፦ በ«ከፋኝ» ይጀምሩ፣ ካስፈለገ ወደ ሁለተኛው ይውጡ፣ ሦስተኛውን ሰውየው ሊጎዳዎት አስቦ ላደረገው ያቆዩት።

ደረጃ 6፦ ገላ ይጨምሩ፤ ግን የትኛው ብልት እንደሆነ ይወቁ

ሆድ ያስቀምጣል፤ ምስጢርም ሐዘንም። ሆደ ሰፊ የሚችል ነው፣ ሆደ ባሻ በትንሹ የሚከፋው፣ ሆደ ቡቡ እንባው ቅርብ የሆነ። በበዓል ቀን፣ እንቁጣጣሽ ዕለት ለብቻ ቡና አፍልቶ መጠጣት «ሆድ ባሰኝ» የሚያሰኝ ነው። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ አስቀድሞ የሚመጣ ስጋት ነው፤ እህታችን ከጎረቤት ከመስማቷ በፊት በነበሩት ቀናት እንዲህ ሆና ከነበር መጻፍ ያለባት ይህንኑ ነው።

አንጀት ለሚራራና ለሚቃጠል ነው፦ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፣ አንጀቴን በላችው፣ አንጀቴ አረረ፤ ሲረካም አንጀቴ ራሰ። ልብ ሐሳብና ድፍረት ስላለበት ይሰቀላል፣ ይሸፍታል፣ ይቆማል። ድፍረት ሲጠፋ ሐሞት ይፈስሳል፣ ሞራል ሲወድቅ ቅስም ይሰበራል። አሁን አሁን ለሁሉም «ልቤ ተሰበረ» ብቻ ስንል ይሰማል። ከሥራ የታገደ ሰው ግን ቅስሙ ነው የተሰበረው፤ የተራበ ሕፃን ያየ ሰው አንጀቱ ነው የተላወሰው። በአንድ መልእክት ውስጥ ከአንድ ብልት በላይ አያስገቡ።

ደረጃ 7፦ ጎረቤታሞቹን ቃላት በዓረፍተ ነገር ይፈትኑ

ጸጸትና ቁጭት ሲምታቱብዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሞክሩ። «ምነው ባላደረግኩት» የሚለው ከገጠመ ጸጸት ነው። «ምነው ባደረግኩት» ወይም «ምነው በደረስኩበት» ከሆነ ቁጭት። እህትየው እናቷ አጠገብ ባለመሆኗ ይቆጫታል፤ ወንድምየው በመደበቁ ይጸጸት ይሆናል። ቁጭት ወደፊት የሚገፋ ነገርም አለው፤ ከእልህ ጋር ሲገናኝ ሰው ያስነሣል። ቅናት «ለእኔም በሆነ» ሲል ምቀኝነት «ለእሱ ባልሆነ» ይላል። ሐፍረት ባደረግነው ነገር ይመጣል፤ ይሉኝታ ግን «ሰው ምን ይለኛል» ብለን ገና ሳናደርገው ይይዘናል።

ከዚህ በላይ ሲቸገሩ መዝገበ ቃላት ይግለጡ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ቃላትን ከሥራቸው ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ ደግ ነው፤ ቅደም ተከተሉ በአበገደ መሆኑን አይርሱ። ግዕዙን ሲያዩ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሥሩ ሁልጊዜ የዛሬውን ስሜት አይነግርዎትም። በግዕዝ ናፈቀ ተጠራጠረ ነው፤ መናፍቅም ከዚያ ነው። እናቷ የናፈቀቻት ሴት ግን አንዳች አልተጠራጠረችም። ሐሴትና ፍስሐም ከግዕዝ የመጡ ውብ ቃላት ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጽሑፍና ለሠርግ ጥሪ ይስማማሉ። ልጅ ፈተና ሲያልፍ ግን ደስታ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ እንደገና ይጻፉ፣ ጮክ ብለው ያንብቡ

እህትየው በእነዚህ ደረጃዎች አልፋ የጻፈችው ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አለህ? የእማዬን መታመም ከጎረቤት ስሰማ ከፋኝ። ፈርተህልኝ እንደደበቅኸኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተቀይሜሃለሁ። አጠገቧ ሳልሆን መቅረቴ ይቆጨኛል። ሌላ ጊዜ ብጨነቅም ንገረኝ። ማታ ደውልልኝ።»

«በጣም» የለበትም። ቃሉ ልኩን ሲያገኝ «በጣም» ትርፍ ይሆናል፤ እርስዎም ሲያርሙ መጀመሪያ እሱን እያወጡ ይዩ፣ ዓረፍተ ነገሩ ከላላ ብቻ ይመልሱት። ሲያነቡት ድምፅዎ የሚሰናከልበት ቦታ ካለ እዚያ ያለው ቃል የእርስዎ አይደለም ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ሌሊት የጻፉትን ጠዋት ሳያነቡ አይላኩ። በድምፅ መልእክት መላክ ከፈለጉም መጀመሪያ ጽፈውት ከወረቀቱ ላይ ያንብቡት፤ «ለ» ን «በ» ብሎ መሳት በአፍም ያጋጥማል።