ጥርስን ሳይብስ ስለ ማሳከም፤ በተለይ በደሴት ለሚኖሩ

እናቶች ሆይ! ልጃችሁን ጥርሱን ሲያመው ሌሊቱን ቁጭ ብላችሁ ታድራላችሁ፤ ሲነጋም ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዱታላችሁ። የራሳችሁ ጥርስ ሲታመም ግን «ይተወኛል፣ ጥርስ ሰው አይገድልም» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

ሁለት እኅትማማቾች አሉ እንበል። ታናሺቱ አዲስ አበባ ጎተራ ትኖራለች። ታላቂቱ በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ባለትዳር ናት። የሁለቱም መንጋጋ ጥርስ ተቦርቡሯል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ይጠዘጥዛቸዋል። የጎተራዋ በታክሲ ሄዳ በግማሽ ቀን ታክማ ልትመለስ ትችላለች። የደቋ ግን ጀልባ መጠበቅ አለባት፤ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ካለ ደግሞ መንገዱ ይቀራል። ባሕር ዳር ደርሳ በዚያው ቀን ካልታከመች የማደሪያና የምግብ ገንዘብ ያስፈልጋታል። ልጆቹንና ከብቱንስ ማን ይጠብቅላት? ስለዚህ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጥርሱ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ብዙ ሰው ጥርስን ትል ይበላዋል ይላል። ትል አይደለም። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በጥርስ ላይ የቀረውን ጣፋጭና የምግብ ትራፊ እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ጥርሱን ይሸረሽረዋል። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ሐኪሙ ጠርጎ ይሞላዋል፤ ጥርሱም ይተርፋል። ወደ ሥሩ ከዘለቀ በኋላ ግን መግል ይይዛል፤ ሕክምናው ይረዝማል፣ ወጪው ይበዛል፣ ብዙ ጊዜም ጥርሱ ይነቀላል። እንግዲህ አንድ መንገድ ለመቆጠብ ብላ የቆየች እናት ሁለትና ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። በጎተራችሁ ነቀዝ ብታዩ እህሉ እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁን?

እንቅፋቱ ሐይቁ ብቻ አይደለም። የጎተራዋም እኅት ብትሆን ገንዘብ አጥታ ወይም ጉጠት ፈርታ ልትቀር ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰው የአፍ በሽታ አለበት። ስለዚህ አትፈሩ። ሐኪም ጥርስ ከመንቀሉ በፊት በመርፌ ያደነዝዛል።

ምን እናድርግ?

፩ኛ. ቀዳዳ ወይም የድድ መድማት ስታዩ ሕመሙ እስኪጠና አትጠብቁ። ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር በምትሄዱበት ጊዜ ጥርሳችሁንም አሳዩ።

፪ኛ. ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት የጥርስ ሐኪሙ የሚገኝበትን ቀንና የሕክምናውን ዋጋ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ጠይቁ። የጤና መድን ካላችሁ ለጥርስ ምን እንደሚከፍል አጣሩ፤ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት የሚያስፈልግ ከሆነም ይዛችሁ ሂዱ።

፫ኛ. ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ። አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ልጆቿን ትጠብቅላት። አባወራዎችም ይህን ወጪ እንደ ቤት ወጪ ቁጠሩት።

፬ኛ. ነፍሰ ጡር ነኝ ብላችሁ ሕክምናውን አትተዉ። ነፍሰ ጡር መሆናችሁን ብቻ ለሐኪሙ ንገሩ።

፭ኛ. በታመመ ጥርስ ላይ ቤንዚን፣ የባትሪ ውሃ ወይም አስፒሪን አታድርጉ፤ ድድን ያቃጥላል። ባልተቀቀለ መሣሪያ ጥርስ የሚነቅል ሰው ዘንድ አትሂዱ፤ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ በዚህ ይተላለፋሉ። ሐኪም እስክታገኙ ድረስ በጨውና ለብ ባለ ውሃ ተጉመጥመጡ።

፮ኛ. ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጥርሳችሁን ቦርሹ። እሱ ቢጠፋ በንጹሕ መፋቂያ ፋቁ። የአንዱን ብሩሽ ወይም መፋቂያ ሌላው አይጠቀምበት።

ተጠንቀቁ! ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ የገበያ ቀን አይጠበቅም። መግሉ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋና ሊገድል ይችላል። በዚያው ሰዓት ለጤና ጣቢያ አስታውቁ፤ የመንደሩ ሰው ተባብሮ ጀልባ ይፈልግ።

ጥርስ ሰው አይገድልም የሚለው አባባል ስሕተት ነው። እናንተ ስትታከሙ ልጆቻችሁም አይተው ይማራሉ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።