ሐሳብን በመዝገብ ስለ መያዝና ስለ ማስመስከር

በዓመቱ መጀመሪያ «ዘንድሮስ እበረታለሁ» ያላለ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። እኛም ሦስት የአንድ ክፍል ጓደኞች ይህንኑ ብለን ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲፈጸም ከሦስታችን ለአንዱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ሁለተኛው መንፈቅ ከተበላሸበት ወደ ቤተሰቡ መመለሱ ነው። ስለዚህ ስለ መዝገብ አያያዝ የምንጽፈው ለጨዋታ ያህል አይደለም።

በዚህ ነገር አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከ1706 እስከ 1790 የኖረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚያወሳው፥ 13 መልካም ምግባሮችን መርጦ (ቍጥሩ ከወሮቻችን ጋር መግጠሙ ያስቃል) በትንሽ ደብተር ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ሰጠ፤ ገጹንም በሰባቱ ዕለታት ከፈለ፤ በየማታው ራሱን እየመረመረ በተሳሳተበት ዕለት ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አልያዘም፤ በሳምንት ለአንዱ ብቻ ይጠነቀቅ ነበርና በ13 ሳምንት አንድ ዙር ይፈጽማል። ሥርዓት የተባለው ምግባር ከሁሉ ይልቅ እንዳስቸገረው ራሱ አልሸሸገም።

እኛም ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተን ለየሳምንቱ ሁለት ገጽ አሰመርን። ዓምዶቹ አራት ናቸው፤ ዕለት፥ የታሰበው፥ የተሠራው፥ ያልተሠራበት ምክንያት። የታሰበው የሚጻፈው በሚቈጠር ነገር ነው። «ታሪክ ማጥናት» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ «ማክሰኞ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፥ ከገጽ 40 እስከ 52» ሲባል ግን ሠርቻለሁ ወይም አልሠራሁም ብሎ መመለስ ይቻላል። በአንድ ሳምንት ከሦስት ነገር በላይ አንጽፍም። ይበልጥ የጠቀመን አራተኛው ዓምድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ብርድ» የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎ አገኘነው። የጉና ነፋስ ሲነሣ ብርድ ልብስ ተከናንበን በአልጋ ላይ እናነብ ነበር፤ በአልጋ ላይ የሚያነብ ሰው ደግሞ መጨረሻው የታወቀ ነው። ንባቡን ወደ ቤተ መጻሕፍት ስናዛውረው ቃሉ ከዓምዱ ጠፋ ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዳችን (ማን እንደሆነ አንናገርም) የአምስት ቀን መዝገብ እሑድ ማታ ባንድ ጊዜ ተቀምጦ ሲሞላ ተገኘ። ቀለሙ አንድ፥ ምክንያቱም ሁሉ ያማረ ነበር። ብቻውን የሚጻፍ መዝገብ ለጸሐፊው ማድላቱ አይቀርም። የፍራንክሊንም አያያዝ ጐደሎው ይኸው ይመስለናል፤ ጸሐፊውም ዳኛውም እርሱ ነውና።

መድኃኒቱን ያገኘነው ከሩቅ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፥ በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። የድጓ ተማሪ ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ ድጓውንም በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ይዘቱን፥ ደረቱን፥ ርክርኩን፥ ሌላውንም ምልክት በቃላቱ ላይ ያሰፍራል። ይህም ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሆኖም «ጽፌ ጨረስሁ» ስላለ ብቻ መምህር አይባልም፤ መምህሩ ሰምቶና አርሞ ሲመሰክርለት ነው እንጂ።

ስለዚህ አምስተኛ ዓምድ ጨመርን፤ የምስክር ፊርማ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተር እንለዋወጣለን፤ ተመልካቹ ተነበቡ ከተባሉት ገጾች ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልስ ከሌለ አይፈርምም። መጀመሪያ ላይ ኩርፊያ ነበር፤ ባንድ እሑድ እንዲያውም ቡናው ሳይጠጣ ተበተንን። ፊርማው ከተጀመረ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ደብዳቤው ለደረሰው ጓደኛችን ከስድስቱ አራቱ ተፈርሞለታል። ያለፈው ሳምንት ገጹ ፊርማ የለውም፤ በአራተኛው ዓምድ በእጁ የጻፈው «አላጠናሁም» የሚል ብቻ ነው፤ ምክንያት አልጨመረበትም።