በማሳዮች ዘንድ የልጃገረዶች ግርዛት ስለ ምን አልቀረም?



በደቡብ ኬንያ በናሮክና በካጂያዶ፥ ድንበሩንም ተሻግሮ በሰሜን ታንዛንያ የሚኖረው የማሳይ ሕዝብ ሴቶች ልጆቹን መግረዝን እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተወም። ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ18 ዓመት በታች ያሉትን መግረዝ ከለከለች። ኬንያም በ2011 ባወጣችው ሕግ ከሦስት ዓመት የማያንስ እስራት ወይም ከ200,000 ሺሊንግ የማያንስ መቀጫ ደነገገች። ሆኖም በ2014 በኬንያ በተደረገው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች በአገሪቱ በሙሉ ከመቶ 21፥ ከማሳይ ሴቶች ግን ከመቶ 78 ያህሉ ተገርዘው ተገኙ። ምክንያቱን ሳንረዳ ለማስተማር ብንነሣ ድካማችን ከንቱ ይሆናል። በማሳዮችም ላይ ለመፍረድ አንቸኩል፤ በ2016 በአገራችን በኢትዮጵያ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቍጥሩ ከመቶ 65 ነበረ።

እናት ልጅዋን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም። ከዚህ እንጀምር። በማሳይ ዘንድ ልጅነት የሚያበቃው በዕድሜ ሳይሆን በሥርዓት ነው። ወንዱ ተገርዞ ከጎልማሶቹ ተዋጊዎች ማኅበር ይገባል፤ ልጃገረዲቱም ተገርዛ ሴት ትባላለች፥ ለጋብቻም ትበቃለች። ያልተገረዘች ሴት ብታድግም ብትወልድም እንደ ልጅ ትቈጠራለች፤ እኩዮችዋም ይሰድቧታል። ስድቡ ቀላል ነገር አይምሰለን፤ የ2011ዱ የኬንያ ሕግ ያልተገረዘችን ሴት በስድብ ማዋረድን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ሕግ አውጪዎቹ ከምላጩ በስተ ኋላ ምላስ እንዳለ ዐውቀዋል።

ከብቱም አለ። ልጅቱ ስትዳር ለአባትዋ ጥሎሽ በከብት ይሰጣል፤ ድርቅ መንጋውን በጨረሰበት ዓመት ያ ጥሎሽ ለቤተ ሰብ መትረፊያ ነው። ግርዛቱ የጋብቻ ደጅ ስለ ሆነ ብዙ ልጃገረዶች በዚያው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። አንድ አባት ብቻውን «ልተወው» ቢል ልጁን የሚያገባት እንዳይጠፋ ይፈራል። እንዲህ ሆኖ እያንዳንዱ ጎረቤቱ እስኪጀምር ይጠብቃል።

ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን ልማድን ይሰውራል እንጂ አይነቅልም። በአንዳንድ ስፍራ ድግሱ ቀርቶ ልጆች በስውር፥ በትንሽነታቸውም መገረዝ ጀምረዋል፤ ድንበር የሚሻገሩም አሉ። እኛ የርዳታ ሠራተኞችም ጥፋት አለብን። ትምህርታችንን ስለ ደም መፍሰስና ስለ ቍስል መመረዝ ብቻ እያደረግን ቆይተናል። አንዳንድ ቤተ ሰቦችም ነገሩን ሰምተው ግርዛቱን ሳይተዉ የሕክምና ሠራተኛ ጠሩ!

አብያተ ክርስቲያናትም ከታሪክ የሚማሩት አላቸው። በ1929 በኪኩዩ አገር የነበሩ ሚስዮኖች ግርዛትን ያልካደ ምእመንና አስተማሪ ከማኅበራቸው እንዲወጣ አዘዙ። ብዙ ሕዝብ ወጥቶ የራሱን ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ግርዛቱም የነጻነት ምልክት ተደርጎ ተያዘ። በኪኩዩዎች ዘንድ ልማዱ በእጅጉ የቀነሰው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? በኬንያ በ1996 በታራካ የተጀመረ፥ ኋላም በካጂያዶ ማሳዮች ዘንድ የተሠራበት ሌላ መንገድ አለ። ልጃገረዶቹ ይማራሉ፥ ሽማግሌዎች ይመርቋቸዋል፥ በሕዝብ ፊትም ያለ ምላጭ ሴቶች ይባላሉ። ሥርዓቱ ይኖራል፥ መቍረጡ ይቀራል። ይሁን እንጂ አባቶችና ጎልማሶች ካልተስማሙ ልጅቱ ከበዓሉ ተመልሳ በቤትዋ ልትገረዝ ትችላለች። ስለዚህ በዚያ የምታገለግሉ ሠራተኞቻችን የሴቶችን ስብሰባ ብቻ አትጥሩ፤ በከብቱ ውኃ ዘንድ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። ግርዛቱ ከመጽሐፍ የመጣ ነው የሚል ምእመን ቢገጥማችሁ ዘፍጥረት 17ን አብራችሁ አንብቡ፤ ትእዛዙ ለወንዶች ብቻ ነው።

ለጥናት ቡድኖች የምንተወው ጥያቄ ይህ ነው፦ በጉባኤያችሁ ካሉት ወንድ ልጅ ያላቸው አባቶች መካከል ያልተገረዘችን ልጃገረድ ለልጁ እንደሚያጭለት በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ የሚናገር ማን ነው? ስንት ሆነው ቢናገሩስ ጎረቤት ይከተላቸዋል?