የማናስታውሰው ዓመት



ልጃችን አንድ ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ አልሐምዱሊላህ። ሶፋውን ይዛ ትቆማለች፣ እጇን ለቀቅ ታደርጋለች፣ ትንገዳገድና ዱብ ብላ ትቀመጣለች። እኛም ወላጆቻችን እንዳደረጉልን «ወፌ ቆመች!» እያልን እናጨበጭባለን።

ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ከተማሪዎቼ አንዱ «ኡስታዝ፣ ልደቷን ታከብራላችሁ? ወይስ ሐራም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የፈለገው የአንድ ቃል መልስ ነበር። እኔ ግን ይህ ዓመት ያስተማረኝን ሳልነግረው መመለስ አልሆነልኝም። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም ይህን ጻፍኩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

ልጃችን የተወለደችው በጁን ነው። በጁን የካልጋሪ ሌሊት እንዴት አጭር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዒሻ ወደ እኩለ ሌሊት ተጠግቶ ይሰገዳል፣ ትንሽ ጋደም ሳይባል ፈጅር ይደርሳል። በዚያች አጭር ሌሊት ውስጥ ሕፃን ሦስት አራት ጊዜ ትነሳለች። እኔ ለሶላት መነሳት የሚከብደኝ ሰው ነበርኩ፤ ባለቤቴ ግን ለሶላትም ለልጅም ስትነሳ ከረመች።

በጃንዋሪ፣ ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ገደማ በሆነበት ሌሊት፣ ልጃችን ትኩሳት ያዛት። 811 ደወልን፤ ነርሷ አንድ በአንድ ጠየቀችን፣ ምን ማድረግ እንዳለብንና ምን ካየን ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለብን ነገረችን። ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደሴ ደግሞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አብሽር ልጄ» አለችኝ። «አንተም ገና ዳዴ ሳትል እንዲሁ ሆነህ ነበር። ከኩታበር ደሴ ድረስ በሌሊት አዝዬህ መጣሁ። አባትህ ፋኖስ ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን በሙሉ ትንፋሽህን በጀርባዬ እያዳመጥኩ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ አልሰማሁም። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ልጃችን በነጋታው ተሻላት። የእናቴ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ሠላሳ ወር

በሱረቱል አሕቃፍ 15ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እርግዝናና ጡት ማስጣል በአንድ ላይ ሠላሳ ወር መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ሉቅማን 14ኛው አንቀጽ ደግሞ ጡት የሚጣለው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ዑለማዎች ሁለቱን አንቀጾች አጋጥመው፣ ከሠላሳ ወር ላይ ሃያ አራቱን ቀንሰው፣ አጭሩ የእርግዝና ጊዜ ስድስት ወር ነው የሚል ፍርድ አውጥተዋል።

ይህን ስሌት በተማሪነቴ ጊዜ በቃሌ ይዤው ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁበት። አላህ የእናትን ድካም በወር ቆጥሮታል። እኛ ከእነዚያ ሠላሳ ወራት አንዷን ቀን እንኳ አናስታውስም፤ እሱ ግን በመጽሐፉ አስፍሮታል።

ሁላችሁም በልጅነታችሁ የሸመደዳችሁትን የወላጅ ዱዓ አስቡ፤ በሱረቱል ኢስራእ 24ኛው አንቀጽ ያለውን። በትንሽነታችን እንዳሳደጉን አላህ እንዲያዝንላቸው የምንለምንበት ነው። የመጨረሻው ቃል «ሰጊራ» ነው፤ «ትንሽ ሳለሁ» ማለት። ትምህርት ቤት ስላስገቡን ወይም ስልክ ስለገዙልን አላለም። የምንለምንላቸው በማናስታውሰው ጊዜ ነው። ታዲያ በዚያ ጊዜ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ዱዓችን እንዴት ከልብ ይሆናል?

ለአንዳንዶቻችሁ ወላጆች ያ ጊዜ በዚሁ ከተማ ነበር። ባለቤቴ የ15 ሳምንት የወሊድና የ35 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ አግኝታለች፤ እሱም አሁን እያለቀ ነው፣ በየቀኑ ስታስበው ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ነገር ግን ይህን ክፍያ ለማግኘት አስቀድሞ 600 የሥራ ሰዓት ማስቆጠር ያስፈልጋል። በመጣች በወራት ውስጥ የወለደች እናት ይህን ከየት ታመጣለች? ጎረቤት ገንፎ ይዛ አልመጣችላትም። አብሽ የሚያፈላላት፣ ሕፃኑን ተቀብላ «ትንሽ ተኚ» የምትላት እናት አልነበረቻትም። አባት በብሩክስ ወይም በሃይ ሪቨር የሥጋ ፋብሪካ ነው፤ ወይም ሌሊት ታክሲ ላይ። አራሷ ብቻዋን በመስኮት በረዶ ታያለች።

ነቢያችንና ሕፃናት

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸውን ሳያዩ፣ እናታቸውንም በስድስት ዓመታቸው አጥተው ያደጉ ናቸው። ከተንከባከቧቸው አንዷ ኡሙ አይመን ናት፤ በረካ የተባለችው ሐበሻዊት። ነቢዩ ትልቅ ሰው ሆነው፣ ነቢይም ሆነው፣ እሷን እንደ እናት ያከብሯት፣ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ሕፃን ሳሉ የተዋለላቸውን አልረሱም።

የልጅ ልጃቸውን ኡማማን አዝለው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ ያነሷታል። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ስለዚህ መስጂድ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ፊታችንን ባናጠቁር መልካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለእናንተ የምወደው የኡሙ ኻሊድን ታሪክ ነው። ወላጆቿ ከመካ ተሰደው ሐበሻ ገቡ፤ እሷም እዚያው፣ በነጃሺ አገር ተወለደች። ከዚያም ትንሽ ልጅ ሳለች ከወላጆቿ ጋር ወደ መዲና መጣች። የስደተኛ ልጅ ናት፤ የተወለደችበት አገርና የወላጆቿ አገር የተለያየ፣ እንደ እናንተ። አንድ ቀን ለነቢዩ ጥለት ያለው ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣላቸው። ኡሙ ኻሊድን አስጠሩና በእጃቸው አለበሷት፤ ብዙ ዘመን እንድትለብሰውም መረቋት። ከዚያ ወደ ጥለቱ እያመለከቱ «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሻ ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። ቃሉ የግዕዙን «ሠናይ» ያስታውሳል። ሐዲሡ በቡኻሪ ተዘግቧል።

ነቢዩ ዐረብኛ ተናጋሪ ሲሆኑ ለዚያች ልጅ የመረጡት የተወለደችበትን አገር ቃል ነው። እኔ ለልጄ አማርኛ አወራታለሁ፤ ከልጆች መዋያ ስትመለስ ግን በእንግሊዝኛ ትመልስልኝ ይሆናል። ያን ቀን እንዳልቆጣ ይህ ሐዲሥ ይይዘኛል። እናንተንም በሌላ በኩል ይይዛችኋል፦ እሳቸው ለአንዲት ሕፃን ብለው የሰው አገር ቃል አፋቸው ላይ ካደረጉ፣ እኛ ለእናታችን ብለን አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መታገል አያቅተንም።

ታዲያ ልደቱስ?

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። በልደት ጉዳይ ዑለማዎች አንድ ቃል አይደሉም። ብዙዎቹ የሌሎችን ልማድ መከተል ነው ብለው ይከለክላሉ። ሐራም ነገር እስካልገባበት ድረስ አላህን ለማመስገን መሰብሰብ ይቻላል የሚሉም አሉ። በዚህ የተነሳ ማንንም አትኮንኑ። ሸሪዓ ለሕፃን የደነገገው ዐቂቃ ነው፤ እሱንም በሰባተኛው ቀን አድርገናል፤ አንድ በግ አርደን፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የፀጉሯን ክብደት ያህል የብር ዋጋ ሶደቃ ሰጥተናል።

ስለዚህ ኬክም ሻማም የለም። በዚያ ቀን የምናደርገው ወደ ደሴ መደወል ነው። እናቴ ያን የኩታበር መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርክልናለች፤ እኔም እቀዳዋለሁ። ልጄ ስታድግ «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» እንዳልላት።

የሳምንቱ የቤት ሥራ

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በተወለድኩበት ሌሊት ከእናንተ ጋር ማን ነበር? በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ የፈራችሁት መቼ ነበር? ማን ረዳችሁ? ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ከሌሉ አክስት ወይም የሰፈር ሰው ጠይቁ። አንዳንድ ወላጅ መናገር ያመው ይሆናል፤ አታስገድዱት፣ ዱዓ አድርጉለት።

ያ ተማሪዬ ጠይቆ መጣ። እናቱ ቀን፣ አባቱ ሌሊት ይሠሩ ነበር አሉ። «የአፓርታማው በር ላይ ነው የሚቀባበሉኝ» አለኝ። «አንድ ዓመት ሙሉ አብረው እራት አልበሉም።» ከዚያ ዝም አለ። ስለ ልደቱ ደግሞ አልጠየቀኝም።

አላህ ለወላጆቻችን በትንሽነታችን እንዳዘኑልን ይዘንላቸው፤ የሞቱትን ይማርልን፤ ልጆቻችንን በዲን ያሳድግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።