የመንደሪኑን ልጣጭ አትቀቅዪላት

እስቲ ስልክሽን ወዲህ በይ፣ እኔም ልየው። «የመንደሪን ልጣጭ ካንሰርን ድራሹን ያጠፋል» ይላል። ለካ ከቦዲቲ ገበያ ያን ሁሉ መንደሪን ተሸክመሽ የመጣሽው፣ ልጣጩንም ሰፌድ ላይ ያሰጣሽው ለዚህ ነው!

እንዳትቀየሚኝ እህቴ። ለእማዬ ስትዪ እንቅልፍ እንዳጣሽ አያለሁ። ወሬውም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ልጣጩ ውስጥና ከሥሩ ባለው ነጭ ሽፋን ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ብርቱካን ሄስፐሪዲን አለው፣ መንደሪን ደግሞ ታንጀሬቲንና ኖቢሌቲን። ተመራማሪዎች ነጥለው አውጥተዋቸው ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሳደጉት የካንሰር ሕዋስ ላይ ሲጨምሩባቸው እድገቱን ይገቱታል። ሳህኑ ግን አንጀትና ጉበት የለውም። ሰው ሲጠጣቸው ብዙዎቹ ደም ውስጥ በደንብ አይገቡም፤ የገባውንም ጉበት ቶሎ ይለዋውጠዋል። ሰው ላይ ተፈትኖ ካንሰርን እንደሚያድን የተረጋገጠ የብርቱካን ወይም የመንደሪን ፍላቮኖይድ እስከ ዛሬ የለም።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የእማዬ ክኒን ነው። ለጡት ካንሰሯ ታሞክሲፈን አይደል የምትውጠው? በ1999 እ.ኤ.አ. የቤልጂየም ተመራማሪዎች ያወጡትን ልንገርሽ። ሳህኑ ላይ ታንጀሬቲን የጡት ካንሰር ሕዋስን ልክ እንደ ታሞክሲፈን ገታው። ከዚያ የጡት ዕጢ ላለባቸው አይጦች ሁለቱን አንድ ላይ ሰጧቸው፤ ታንጀሬቲኑን በሚጠጡት ውኃ እየበጠበጡ። የታሞክሲፈኑ ጥቅም ጠፋ! ታሞክሲፈን ብቻ ያገኙት አይጦች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 56 ሳምንት ሲሆን፣ ታንጀሬቲን የተጨመረባቸው ግን 14 ሳምንት ብቻ ነው። አይጥ ሰው አይደለም፣ እሺ። ይህን እያወቅሽ ግን የመንደሪን ልጣጭ አፍልተሽ በክኒኗ ላይ ታጠጫታለሽ? በሞቴ ተይው።

ሐኪሞች ዕፅዋትን ይንቃሉ እንዳትዪ ደግሞ። ቪንክሪስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው፣ ፓክሊታክሰል ከዛፍ ቅርፊት፤ ሁለቱም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለካንሰር ሕሙማን ይሰጣሉ። ግን ተነጥረው፣ መጠናቸው ተለክቶ፣ በሰው ላይ ለዓመታት ከተፈተኑ በኋላ ነው። አበባው ራሱ መርዝ ነው፤ እሱንም ልቀቅል ብለሽ እንዳትነሺ!

እማዬ ከምግብ በኋላ የመንደሪኑን ፍሬ አንድ ብትበላ አልከለክልሽም፤ አፏ መሮት ምግብ እምቢ ሲላት ደስ ይላታል። ግሬፕ ፍሩት ግን ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ ሐኪሟ ሳይፈቅድ አትስጫት።

ለቀጠሮዋ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል ስትወርዱ ካርዷንና የክኒኑን ካርቶን ያዢ። ልጣጩንም ትንሽ በፌስታል ቋጥረሽ ውሰጂና ጠጥታ ከሆነ መቼ መቼ፣ ስንት ስኒ እንደጠጣች ለሐኪሙ ንገሪው። ይቆጣኛል ብለሽ እንዳትደብቂ። እስከዚያ ክኒኗን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ፤ የሰፌዱን እኔ አነሳዋለሁ።