ስለ ሕፃናት ጥርስ አበቃቀልና ስለ ግግ

ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት በድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ሲታይ፥ በኢትዮጵያ በብዙ አገር «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ በስለት ይወጋል፤ ከውስጡም ለስላሳ ነጭ ነገር ይወጣል። ይህም ለብዙ ሰው የበሽታው ሥር ይመስለዋል። ነገር ግን የወጣው በሽታ አይደለም፤ ገና ያልጠና ጥርስ ነው እንጂ።

ጥርስ ከመታየቱ አስቀድሞ በስውር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ፅንሱ በማኅፀን 6 ሳምንት ያህል ሲሆነው የአፉ ስስ ሽፋን ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ እንቡጥ ያብጣል፤ ቀጥሎ የቆብ፥ ኋላም የደወል መልክ ይይዛል። ከደወሉ ሥር ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ዴንቲን የሚባለውን የጥርሱን አካል ይሠራሉ፤ የደወሉ የውስጥ ሽፋን ደግሞ ኢናሜል የሚባለውን ጠንካራ ልባስ ይሠራል። ኢናሜል በማይክሮስኮፕ ሲመረመር እጅግ የተጠጋጉ ቀጫጭን ዘንጎች ሆኖ ይታያል፤ ከክብደቱም ከመቶው 96 እጅ ያህሉ ማዕድን ነው።

የጋሞ ሰው ይህን በዶርዜ ሸማኔ ሥራ መስሎ ሊያስተውለው ይችላል። ሸማኔው ድሩንና ማጉን አዋሕዶ ሸማውን ከጨረሰ በኋላ ከሸማው ይለያል። እንደዚሁም ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድዱን ጥሶ ሲወጣ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የተበላሸውን መልሶ የሚሠራ አይገኝም።

የወተት ክራንቻ የሚበቅለው ከ16 እስከ 20 ወር ገደማ ነው። አስቀድሞ ድዱን ስለሚያሳብጥ፥ ግግ የሚባለው ይኸው ነው። በአጠገቡም ከ9 እስከ 12 ዓመት ገደማ የሚወጣው ቋሚ ክራንቻ በመንጋጋው ውስጥ ይሠራል። ስለቱ የወተቱን ጥርስ ሲነቅል ቋሚውንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ደም መፍሰስንና መንጋጋ ቆልፍንም ሊያመጣ ይችላል።

ተቅማጡ ግን ከጥርስ አይደለም። ሕፃኑ ጥርስ በሚያበቅልበት ወራት ይድሃል፥ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ያገባል፥ ምግብም ይለምዳል፤ በሽታው የሚገባው ከእድፍ ጋራ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃንን ለሞት ያደረሰ ሰው እንዲቀጣ ያዝዛል።

ስለዚህ ከአርባ ምንጭ ቆላ እስከ ጨንቻ ደጋ ያሉ አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች ለወላጆች ይህን ሊያስረዱ ይገባቸዋል፦ ሕፃን ሲያስቀምጠው የእናቱን ጡት ሳይለይ ይጥባ፥ ሕይወት አድን ቅመም በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠው፥ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ድዱ ግን አይነካ፤ በውስጡ ያለው የልጁ የዕድሜ ልክ ጥርስ ነውና።